ልጁ ነው ወይስ ታብሌቱ?

ጎጃም ውስጥ ሙዚቃ በዓይን ነው የሚሰማው። ጆሯችን ደክሞ እንዳይመስላችሁ፤ የቅኔ አገር ሰው በጆሮው አይታማም። ደጀ ሰላም ቆሞ፣ ከቅኔ ማሕሌቱ ያለቦታዋ የወጣች አንዲት ቃል ሰምቶ ራሱን የሚነቀንቅ ገበሬ ሞልቶናል። ሠርግ ቤት ሲገባ ግን ጆሮውን ከዱላው ጋር ደጅ ያቆመዋል። መጀመሪያ የሚያየው የአዝማሪው የአንገት ሥር መገታተሩን ነው። ቀጥሎ የከበሮ መቺዋ ነጠላ ከትከሻዋ መንሸራተቱን ያያል። የዘፋኙ ሸሚዝ ከጀርባው መጣበቁን ካረጋገጠ በኋላ ነው «ይኼስ ይችላል!» ብሎ ብርሌውን የሚያነሳው። ያላላበው አልሠራም። የሽልማቱ ሥርዓት ራሱ በዚህ ሕግ የቆመ ነው። ብር ግንባር ላይ የሚጣበቀው በላብ ነዋ! ደረቅ ግንባር ብር አይይዝም።

ታብሌት ይዞ ሠርግ ሊያጅብ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ የሚመጣ ኪቦርዲስት መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ሕግ ጋር ነው። ታብሌት አይነፋም፣ አይገዘገዝም፣ በጡንቻ አይመታም። ተጫዋቹ ከሩቅ ሲታይ ፊልም የሚያይ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ደግሞ ሒሳብ የሚሠራ።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ባሕር ዳር ማታ ማታ ይጫወታል፤ ጥር ሲገባ ሠርግ ያጅባል። ባለፈው ጥር የሩቅ ዘመዶቻችን ተጋቡ። ሙሽራዪቱ የብቸና፣ ሙሽራው የሞጣ ናቸው። «የቤት ልጅ እያለን ለምን ባዕድ እንቀጥራለን?» ተብሎ እሱ ተጠራ፤ እኔም አጎት ነኝና ተከተልሁት። ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «አዎ፣ ዕቃው ይኼው ነው» እያልሁ መመለስ።

ድሮ ኪቦርድ ከተማ ሲገባ አዋጅ አያስፈልገውም ነበር። ከአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ፣ በጤፍ ኬሻና እግራቸው በታሰረ ፍየሎች መካከል፣ ረጅም ጥቁር ሳጥን ሲወርድ መናኸሪያው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። «የማን አስከሬን ነው?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። «ኪቦርድ ነው» ሲባል ልጆቹ እየጮሁ ይከተላሉ፤ ሠርጉ ሳይጀመር ሠርግ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ግን በሞጣና በደብረ ወርቅ አልፎ ብቸና ሲወርድ የያዘው የተማሪ ቦርሳ የምታህል ቦርሳ ነበር። የሙሽራዪቱ አባት ቦርሳዋንም እሱንም ደጋግመው አዩ።

«ልጄ፣ ዕቃው በኋላ መኪና ነው የሚመጣው?»

«ዕቃው ይኼው ነው፣ አባባ።»

«ዋጋ ስንነጋገር ኪቦርድ ብለኸን ነበር እኮ።»

«ኪቦርድም አለ» አለና ከክንዱ የማትበልጥ ባለ 25 ቁልፍ ኪቦርድ መዥረጥ አድርጎ አወጣ።

አዛውንቱ በእጃቸው መዘኗት። «እሺ፣ ይችን ለልጆቹ ስጥልኝና የአንተን አምጣ» አሉት።

እኔም «አዎ፣ ዕቃው ይኼው ነው» አልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ ትንሽ ኪቦርድ ከራሷ ምንም ድምፅ የላትም። ጣት ሲያርፍባት የትኛው ቁልፍ እንደተነካና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ በቁጥር ለታብሌቱ ትነግረዋለች፤ የምቱ ኃይል እስከ 127 በሚደርስ መለኪያ ይጻፋል። ጣቱ ሲነሳም «ለቀቀ» ትላለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ይህ የመሣሪያዎች መግባቢያ ሚዲ ይባላል፤ የጃፓንና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ተስማምተው ሥራ ላይ ያዋሉት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ድምፁን የሚያወጣው ታብሌቱ ነው። ውስጡ ትልቅ ፒያኖ፣ እያንዳንዱ ድምፁ ለየብቻው ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ኦርጋን አለ፣ ትራምፔት አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ አስቦ የቀዳ ሰው ከተገኘም ዋሽንትና ክራር አለ። ለሙሽራው መግቢያ ትራምፔት፣ ለኬክ ቆረጣው ፒያኖ፣ ለእናቶቹ ክራር እያለ አንዱን ጣት ሃያ መሣሪያ ያደርገዋል።

የእህቴ ልጅ ወደ ታብሌት የዞረው ለዘመናዊነት ብሎ አይደለም። በድሮው ኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች አቧራ ገብቶባቸው ዝም አሉ፤ መለዋወጫ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዘፋኙን «እባክህ ያቺን ድምፅ አትንካብኝ» እያለ ሲለማመጥ ኖረ። አንድ ዘፋኝ ግን ያቺኑ ድምፅ ካልነካ የማይዘፍን ሆነበትና፣ ያጠራቀማትን ብር አወጣ።

ብቸና ላይ ያስቀመጡት ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ነው። ጠረጴዛ ሰጡት፤ ታብሌቱን አቆመ፤ ትንሿ ኪቦርድ ከአበባው ጀርባ ተደበቀች። ሠርገኛው እየገባ ሲመጣ ጠረጴዛ ያየ፣ የሚያበራ ነገር ያየ፣ ወደ ታች አቀርቅሮ ጣቱን የሚያንቀሳቅስ ንጹሕ ልጅ ያየ። ማን ነው ብሎ ይገምት? የስጦታ መዝጋቢ ነዋ!

«የእኔን ጻፍልኝ። አንድ ሙክት፤ ከደጅ ታስሯል» አሉ አንድ ሽማግሌ። ልጁ በምቱ ራሱን ነቀነቀ፤ እሳቸው እሺ ያለ መሰላቸው። ከኋላቸው ሰልፍ ተሠራ። «አንድ ብርድ ልብስ፣ ከነማሸጊያው።» ይነቀንቃል። «500 ብር፤ ግን ስሜን በትልቁ።» ይነቀንቃል። እውነተኛው መዝጋቢ ከወዲያኛው ጥግ ደብተሩን ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን እየነከሰ ብቻውን ተቀምጧል። የእህቴ ልጅ ነገሩ ሲገባው ምን ያድርግ? በቀኝ እጁ እየተጫወተ፣ በግራ እጁ በዚያው ታብሌት ላይ የማስታወሻ ገጽ ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። የዚያን ቀን ባስ ድምፅ የጎደለው ለዚህ ነው። በማግስቱ «እገሌ ሰጥቷል፣ አልሰጠም» የሚል ክርክር ሲነሳ ዳኛው ታብሌቱ ሆነ። የሙሽራዪቱ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገኑት። «ለካስ ዕቃህ ይሠራል!» አሉት። ስለ ሙዚቃው ያነሱት ነገር አልነበረም።

ታብሌትን በክፉ ዓይን የሚያዩት ሠርገኞች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። የሚብሱት የኪቦርዱ አንጋፋዎች ናቸው። እዚያው ሠርግ ላይ በእንግድነት የተገኘ አንድ የቆየ ኪቦርዲስት፣ ባለ 61 ቁልፍ ይዞ ደጀንና ሞጣን ሲያጅብ የኖረ ሰው፣ ትንሿን ኪቦርድ በጣቱ ነካ አድርጎ «በእኛ ጊዜ ሰው ነበር የሚጫወተው» አለኝ። እኔ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረውን ጊዜ አስታወስሁ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፉ ሰዎችን በረድፍ አስቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ያንን ሁሉ ነፊ ወደ አንድ ቀኝ እጅ ጠቅልሎ፣ የእንጀራ ገመዳቸውን ያሳጠረው ማን ሆነና? ኪቦርድ አይደለም እንዴ! ዛሬ ታብሌት «በላን» የሚሉት ትናንት የበሉት ናቸው።

ደግሞስ የኪቦርድ ታላላቆቻችን ዕቃ ማሳነስን መቼ ጠሉ? ኃይሉ መርጊያን ተመልከቱ። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው»ን ያስቀረጸ ሰው ነው። አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶቹን አሰባስቦ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ታዲያ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አይለይም ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሲፈልገው፣ ጣቶቹ ዝግጁ ሆነው ያገኛቸው በዚያ ልምምድ ነው። ለኃይሉ ታብሌት ቢሰጡት ኖሮ የኋላውን ቦታ ለመንገደኛ ሻንጣ ይለቅቀው ነበር። የሮሃ ባንዱን ዳዊት ይፍሩን የሚያውቅ ሰውም ኪቦርድ በስፋቱ እንደማይለካ ያውቃል። ለእንግዳው ኪቦርዲስት ይህንን ሁሉ ነገርሁት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «ታዲያ ይኼ ልጅ ኃይሉ መርጊያ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝም አልሁ።

ከብቸና ሙሽራዪቱን ይዘን ሞጣ ገባን። ታብሌቱ እውነተኛ ፈተናውን ያገኘው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ቀዳዳ ነው። ታብሌቱ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። በእሷው ቻርጅ ይገባል፣ በእሷው የኪቦርዱ ትእዛዝ ይገባል፣ በእሷው ድምፅ ወጥቶ ወደ ሞንታርቦው ይሄዳል። ሦስቱን የምታስታርቅ አውራ ጣት የምታህል ማከፋፈያ አለች። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድልድዩ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ተቆርጦ፣ ተንጠልጣይ መሻገሪያ እስኪሠራለት ድረስ ጎጃሜና በጌምድሬ በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚገናኘው። የእህቴ ልጅም ማከፋፈያ እንደዚያ ገመድ ናት፤ ወዲህ ሙዚቀኛ፣ ወዲያ ሠርገኛ፣ መካከል እሷ ብቻ። ሞጣ ላይ ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ ስልኩ ሊዘጋበት ሲል ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ላድርግባት» ብሎ በትሕትና ነቀላት። የሞጣ ሰው ሲነቅልህም በትሕትና ነው። ሙሽሮቹ ደፍ ላይ እንደቆሙ ሙዚቃው ቀጥ አለ፤ ሙሽራዪቱ ባንድ እግሯ ገብታ ባንድ እግሯ ደጅ ቀረች። እናቶች በእልልታ ባይሸፍኑት ኖሮ «ገደ ቢስ ናት» የሚል አይጠፋም ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ጉርሻ ነው። ባለቤቲቱ የልጁ ሁለት እጅ መያዙን አይተው አዘኑለት። ጠቅልለው መጡ፤ አፉን ከፈተ፤ ጉርሻው ከአፉ ሰፋ። ከዶሮ ወጡ አንዲት ጠብታ ማያው ላይ አረፈች። የታብሌት ማያ ወጥና ጣት መለየት አንዳንዴ ይቸግረዋል። ፒያኖ ሲል የነበረው ድንገት ወደ ትራምፔት ዞረ፤ ያም በሙሽራዪቱ አባት የምርቃት ንግግር መካከል። አጎቶቹ ሆን ተብሎ የተደረገ የክብር ጥሩምባ መስሏቸው ብድግ አሉ። በጉርሻው ምክንያት ልጁ መናገርም አልቻለም።

ሦስተኛው ፈተና ብር ነው። የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሽልማት ማዕረግ አለው፤ ባለ 50 ትከሻ ላይ፣ ባለ 100 ደረት ላይ፣ ባለ 200 ግንባር ላይ። አሁን አሁን ደግሞ በስልክ የሚልክ ዘመናዊ ሸላሚ መጣ። አንዱ ቁጥሩን ጠይቆ ላከለት። ልጁ ሲም ካርዱን ያደረገው በታብሌቱ ላይ ነበርና የመልእክቱ ደወል በሞንታርቦው «ጥንንን!» ብሎ ድንኳኑን ሞላው። ዘፈኑ ይቀጥላል፤ ሸላሚው ግን «ስንት እንደሆነ ይነገርልኝ እንጂ! በስልክ የሰጠ ሰው እንዴት ይታያል?» ብሎ ተነሣ። ይኸውላችሁ፤ አሁንም የዓይን ነገር ነው።

ከሞጣው አዝማሪ ጋር የነበረው ጉዳይ ግን የጆሮ ነበር፤ እሱን በዝርዝር ልንገራችሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚቃኘው በገዛ ጉሮሮው ልክ ነው፤ ጠዋት የቃኘው ከሰዓት በኋላ ጉሮሮው ሲሞቅ ይለወጣል። ኪቦርድ ደግሞ ፋብሪካ ከቃኘው በራሱ አይንቀሳቀስም። አብረው ሲጀምሩ ማሲንቆው ከኪቦርዱ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የሰማ ጥርሱን ነከሰ። ማን ወደ ማን ይምጣ? ሽማግሌዎች ገቡበት። «ታናሽ ለታላቅ ይለቅ» ብለው ፈረዱ። እዚህ ላይ ነው ታብሌቱ የኮራው። በድሮው ኪቦርድ ቢሆን ማስተካከያውን በየዝርዝሩ ፈልጎ እስኪያገኝ ሠርጉ ያልቃል። ታብሌቱ ላይ ግን ልጁ ማያውን ሁለት ጊዜ ነክቶ ጠቅላላ ቅኝቱን በጥቂቱ ዝቅ አደረገና ማሲንቆው ካለበት ሄዶ አገኘው። አዝማሪው ቀና ብሎ አየው። «አሁን ተግባባን» አለው።

በኪቦርድ ላይ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ በተራ የነካ ሰው ሳያውቀው ትዝታ ቅኝት ውስጥ ገብቷል። ሞጣ ላይ ሙዚቃው ሲያርፍ አንድ ሕፃን መጥቶ ጥቁር ጥቁሩን ሲነካካ ያ ነገር ወጣ፤ አያቱ «ተሰጥኦ ነው!» ብለው ሙሉ ድንኳኑን ጠሩ። ሕፃኑን ነጮቹን አስነካሁት፤ ተሰጥኦው ጠፋ። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እንዲህ በነጻ አይገኙም፤ ቁልፎቹን ለይቶ መምረጥ ይጠይቃሉ፤ አዝማሪ በጣቱ ሸርተት እያደረገ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚያገኛት ድምፅ ደግሞ ቁልፍ የላትም። ታብሌት ለእሷም መንገድ አለው፤ ድምፁን በጣት እየገፉ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አዝማሪው ይህንን አይቶ «እኔ ያለ ባትሪ የማደርገውን ነው» አለ። ትክክል ነው።

ስለ መዘግየት ልናገር፤ ኪቦርዲስቶች በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ጳጉሜን ዝናብ ሳያባሩ ያወራሉና አሳጥረዋለሁ። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሞንታርቦው 10 ሜትር ርቆ ጮማ የሚቆርጥ ሰው ዘፈኑን በ30 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይሰማል፤ ጮማው ግን አይጎዳም። ተጫዋቹ ጣቱን አሳርፎ ድምፁ እንዲህ ከዘገየበት ግን እጁ ይሳከራል። ስለዚህ ጥሩ ታብሌት ይህን ጊዜ ከአሥር ሺሕኛ በታች ያወርደዋል። ችግሩ «ገመድ ምን ያደርጋል፣ በብሉቱዝ እናገናኘው» የሚል የሠርግ ቤት ቴክኒሻን ሲመጣ ነው። ብሉቱዝ ስፒከር በአብዛኛው ከ100 ሺሕኛ በላይ ይዘገያል፤ በፈጣን ጭፈራ ይህ የምቱን ሲሶ ሊደርስ ነው። ሞጣ ላይ ይህንን ለአንድ ዘፈን ሞከሩት። ከበሮው በአንድ በኩል፣ ኪቦርዱ በሌላ በኩል ሆኑና እስክስታ ወራጁ ግራ ትከሻውን ለከበሮው፣ ቀኝ ትከሻውን ለኪቦርዱ አካፈለ። ገመዱ ወዲያው ተመለሰ።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። ምሽት ላይ፣ ጭፈራው በተፋፋመበት ሰዓት፣ እንጀራ አነሰና ከጓዳ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰካ። የተሰካው ሞንታርቦው በተሰካበት መሥመር ነው። ቆጣሪው ጠቅ ብሎ ወደቀ። ሞንታርቦው ዝም አለ። ሴቶቹ ግን አንዲት ምት ሳያጎድሉ በከበሮና በጭብጨባ ተረከቡት፤ በባትሪ የሚሠራው አንድ መብራትም አልጠፋምና አብዛኛው ሰው ምን እንደተፈጠረ እንኳ አላወቀም። ታብሌቱ በራሱ ባትሪ በርቷል፤ የእህቴ ልጅ መጫወቱን አላቆመም። መብራት ሲመለስ ከምቱ ጋር ለመገኘት ፈልጎ ነው። ድምፁን ራሱም በቅጡ አይሰማም፤ ከበሮውን ለመከተል ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ጉልበቱን ሁሉ ጨመረበት። አላበው። በዚህ ጊዜ አንድ ዘመድ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ «አሁን ገና ሞቀው!» እያለ መጥቶ ባለ 200 ብሩን ግንባሩ ላይ ጥፍ አደረገው። ሌሎቹም ተከተሉ። በዚያ ሠርግ ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘው አንዲትም ድምፅ ባላሰማበት ዘፈን ነው! ቆጣሪው ተነሥቶ ድምፁ ሲመለስ፣ ልጁ የድምፁን ልክ ለማስተካከል አቀርቅሮ ማያውን ሲመለከት ጊዜ፣ ያው ሰው «ደከመው መሰለኝ» አለ።

ይህን አይቼ ብቻ ብመለስ ኖሮ «ዓይን አታላይ ነው፤ ሠርገኛ ሙዚቃ አያውቅም» ብዬ እጽፍ ነበር። ደግነቱ መልስ ነበረ። ለመልሱ ብቸና ስንመለስ፣ ከሙሽራዪቱ ዘመዶች መካከል ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ አንድ መሪጌታ ተገኙ። ዲማ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው በዛብህን ያስገቡበት ደብር ነው፤ ብቸና ሆኖ የዲማን ሰው የማይፈራ የለም። መሪጌታው ታብሌቱን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ሠርገኛው ሁሉ በልቡ ይዞት የነበረውን ጥያቄ አወጡት።

«የሚጫወተው ልጁ ነው ወይስ ታብሌቱ?»

ጥያቄው የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። የተቀዳ ዘፈን ከፍተው፣ ጣታቸውን ቁልፍ ላይ እያመላለሱ ሙሉ ዋጋ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። በቅኔ ቤት ደግሞ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ቅኔ እዚያው በአዲስ ተቆጥሮ፣ በምስክር ፊት የሚሰጥ ነገር ነው። በዚህ ያደገ ሰው «አሁን፣ እዚህ፣ በፊቴ ተሠራ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ሠርገኛው ላብ የሚፈልገው፣ የአንገት ሥር የሚቆጥረው ሌላ ማረጋገጫ ስለሌለው ነው።

መሪጌታው ግን ሌላ ማረጋገጫ ነበራቸው። «ተከተለኝ» አሉት። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ የአገር ዜማ አንጎራጎሩ። ልጁ በቀስታ ገባ። ሆን ብለው አንዷን ቃል ጎተቷት፤ አብሮ ጎተተ። መካከል ላይ አቁመው ጠላ አነሡና ሳይቸኩሉ ጠጡ፤ ልጁ ያችኑ ድምፅ ይዞ ቆየ፤ ጽዋውን አስቀምጠው፣ ጢማቸውን ጠርገው ሲቀጥሉ አብሮ ቀጠለ። ዜማውን ሳያስጠነቅቁ ወደ ባቲ ቅኝት አዞሩት፤ ጣቱ ለአፍታ አመነታና ዞረ። ያቺን ማመንታት መሪጌታው ሰሟት፤ ፈገግ ያሉትም በእሷ ነው።

«የተቀዳ ነገር ሰው አይጠብቅም» አሉ ወደ ሠርገኛው ዞረው። «ይኼ ጠብቆኛል። ልጁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ብቸና ላይ ታብሌቱን የጠረጠረው የለም። የሙሽራዪቱ አባትም የቀረችውን ሒሳብ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ ከመክፈላቸው በፊት ግን የስጦታውን ዝርዝር በወረቀት አስገለበጡ።

እንግዲህ የእኔም ፍርድ ከመሪጌታው አይለይም። ድምፁ ከሳጥን ይውጣ፣ ከታብሌት ይውጣ፣ ከፈረስ ጭራ ይውጣ፣ ዘፋኙን የሚጠብቅ፣ ከበሮውን የሚሰማ፣ ሲሳሳት የሚሰማበት ሰው ከተጫወተው ሙዚቃ ነው። ማጫወቻውን ከፍቶ እጁን የሚያወዛውዘው ግን ሃያ ኪሎ ዕቃ ቢሸከምም አልተጫወተም። ለታብሌት ተጫዋቾች የምለው ጥቂት ነው። ጣታችሁን ከአበባ ጀርባ አትደብቁ፤ ሰው ይያችሁ። ሲም ካርዱን አውጡና መሣሪያውን ከጥሪም ከመልእክትም ዝጉት። ድምፆቹን አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ፈትሹ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደመናን ያመነ ሁሉ ዝም ብሏል። ማከፋፈያዋን ሁለት አድርጋችሁ ያዙ፤ አንዷ ለሚዜው ናት።

ሠርግ ለምትደግሱ ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፤ ምጣዱን በሌላ መሥመር ሰኩት።